ጥያቄ ቁጥር ሦስት

የደብረ ብርሃን ውርጭ፣ የታኅሣሥ ማለዳ፣
መስኮቱን አልብሶት ስስ ነጭ አቡጀዳ፣
አራት ነን ተፈታኝ፣ በአራት ማዕዘን ርቀን፣
አፍና አፍንጫችንን በፎጣ ደብቀን፣
እስክሪብቶ በመዳፍ፣ በትንፋሽ እያሞቅን፣
የቀዘቀዘ ቀለም እስኪወርድ ጠበቅን።

የዶክትሬት ማጣሪያ፣ የሁለት ዓመት ንባብ፣
በስድስት ሰዓት ውስጥ ቆጥሮ ማስረከብ፦
የኢንዱስትሪ ግንኙነት፣ የሰው ሀብት አመራር፣
የኅብረት ስምምነት፣ የደመወዝ ቀመር።
የወደቀ ይመለስ ወደ ነበረበት።
እኔ ግን የነበርኩበት፣
በሩን በገዛ እጄ ዘግቼ የወጣሁበት።

ጥያቄ አንድ ቀላል። ጥያቄ ሁለት ሰፊ።
ሞላኋቸው ሁለቱን እንደ ደህና ጸሐፊ፤
ዘጠኝ ንድፈ ሐሳብ፣ ሰባት የሞተ ሊቅ፣
አሠሪና ሠራተኛ ሲያጣሉ ሳስታርቅ፣
ገጽ ገለጥኩ።

«ሦስት። ቅሬታ ምንድን ነው?
በጽሑፍ ያልቀረበ ቅሬታ አለ ለማለት ይቻላል?
በማስረጃ አስደግፈው ያብራሩ። (ሠላሳ ነጥብ)»

ብዕሬ ቆመ።
አሁን ብርዱ አይደለም።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከዚያ የሱፍ አቧራ፣
የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣
ደብሪቱ የምትባል፣ ከፈትል ክፍል፣
ገብታ አልተቀመጠች፣ አልተነፈሰች ቃል፤
ቀኝ እጇን ዘረጋች ጠረጴዛዬ ላይ፣
ሦስት ጣት ከነጥፍሩ፣ ሁለቱ ግን በጨርቅ፣ ከፋሻ በታች የማይታይ።
ማሽኑ ነው የበላው። አለቃዋ ግን በደብዳቤ፦
«በራሷ ቸልተኝነት» ብሎ ጽፎልኛል፣ ገብቷል ከመዝገቤ።

«ቅጽ ሰባት ይሞላል» አልኳት፤ እስክሪብቶም አቀበልኳት፣
የምትጽፍበት እጅ ያው እጅ መሆኑን ሳላይባት።
እስክሪብቶውን አየችው። እኔን አየች። በሩን አየች።
እንዳገባቧ ወጣች።

እኔም ከመዝገቡ ላይ፣ በዚያ በጠራ ፊደል፦
«ከሠራተኛዋ በኩል የቀረበ ቅሬታ የለም» ብዬ፣
ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን አሳርፌ።
ባመቱ ሪፖርት ላይ፣ «የኢንዱስትሪ ሰላም» ከሚለው ርዕስ ሥር፣
ደብሪቱ ዜሮ ሆና ገባች፣ ከዜሮዎች ጋር ስትደመር።
ለዚያ ሰላም ተሸለምኩ፤ የግድግዳ ሰዓት፤
ጠባሴ እናቴ ቤት፣ ዛሬም ይቆጥራል፣ ሩብ ጉዳይ ዘግይቶ ከእውነት።

አርባ ደቂቃ ቀረኝ።
ሊቃውንቱን ትቼ፣ ከባዶ ጀመርኩ፦
«ቅሬታ ከ‹ቀረ› ነው።
ሰው ሲሄድ የሚቀር፣
ቅጹ ያልያዘው፣ ፋይሉ ያልቆጠረው ትርፍ።
ሳይቀርብም አለ። እንዲያውም የቀረበው
የቀረው ሰው ጥቂቱ ነው።»

ከሳምንት በኋላ፣ በቃል ፈተናው ቀን፣
ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን
በክራባታቸው ጫፍ ወልውለው ወልውለው፣
«ጥሩ ነው፣ ግን ምንጩ?» አሉኝ፣ «ከማን የወሰድከው?»
«ፋይል ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት።»
«የታተመ ነው?»
«አይደለም።»
«ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?»
እጇን ያየ ሁሉ፣ ልላቸው አሰብኩና
አፌ ላይ ቀረ። ቀረ ነው ያልኩት፣ አዎ።

ውጤቱ ተለጠፈ፦ አንድና ሁለት አልፏል።
ሦስት፣ «ምንጭ ተጠቅሶ በሁለት ወር ውስጥ በድጋሚ ይጻፋል።»
ጓደኛዬ ይብረሁ፣ በአራቱም ያለፈው፣ ትከሻዬን መታ፦
«ምንጭማ ሞልቶ ሳለ፣ በሬሳ ካጠገብህ!» ሣቀ ለብቻው ለአንድ አፍታ።

ከፋብሪካው በር ሄድኩ። ዘበኛው አዲስ ነው።
«ደብሪቱ? የትኛዋ? ደብሪቱ ብዙ ናት» አለኝ፤ ጣቴን አጥፌ ሳሳየው፣
«እ! እሷማ…» ብሎ ወደ ሰላድንጋይ መንገድ በአገጩ ጠቆመ፣
ከዚያ በላይ አልጨመረ፣ ተሰልፈው ወደሚወጡት ዞሮ ቆመ።

ማታ ውርጩ ሲበረታ ብርድ ልብሴን ሳብኩት።
የዚያው ፋብሪካ ነው፣ በሠራተኛ ዋጋ የገዛሁት።
በጨለማ በጣቴ ክሩን ክሩን ስዳስስ፣
አንድ ቦታ ይወፍራል፣ እጅ እንደ ደነገጠ፣
እንደገና ይቀጥናል።

ሁለት ወር አለኝ።